ለቅሶ የማይጥለው ጥርስ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስሜን የማያውቅ ሰው እንኳ "የጥርስ ሠሪዋ ቤት የት ነው?" ቢሉት በጣቱ ያሳያል። ለሰው አፍ ጥርስ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ደሳለኝ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ሌላ ስም ወጥቶልኛል፤ "በሐዘኗ ጥርስ ያስተከለችው" ይሉኛል። የመጀመሪያውን ስም በእጄ ሥራ አገኘሁት። ሁለተኛውንም አልጠላሁትም። እንዲያውም መጻፍ የጀመርኩት በእሱ ምክንያት ነው፤ ገበያ ላይ ተጣሞ ከሚሰሙት ከባለቤቲቱ ይስሙት ብዬ።

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ጥቂት መስመር እጽፋለሁ፤ ደሳለኝ የሚለው ስም ሲመጣ እጄ ይቆማል። ያኔ ወረቀቱን ትቼ ጓሮ እወጣና እሱ ያዳቀላቸውን አቮካዶዎች አይቼ እመለሳለሁ። አንባቢ ቢታገሠኝ መልካም ነው፤ ባይታገሠኝም እጽፋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ቡሬ ነው። የነርስነት ትምህርቴን ጨርሼ የተመደብኩበት ክሊኒክ አንደኛው ክፍል ለጥርስ የተለየ ነበር። ማንም ሊገባበት ስላልፈለገ አዲስ መጪዋን እኔን ከተቱኝ። ደመወዙ ከሌሎቹ እኩል ነው፤ ጩኸቱና ሽታው ግን የእኛ ብቻ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ጋሼ እጅጉ ይባላሉ። በድሬሰርነት ጀምረው ጥርስ መንቀልን፣ ከዚያም ጥርስ መሥራትን በየሐኪሙ ሥር እየተከተሉ የተማሩ ሰው ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ መዳፋቸው ሰፊ፣ ነገራቸው ጥቂት ነው።

በመጀመሪያው ቀን "ምን ትችያለሽ?" አሉኝ።

"መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ፣ ደም ግፊት መለካት…"

"ዝም ማለትስ?"

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"እሱን ነው የምትማሪው። አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ሊመልስልሽ አይችልም። ወሬ እየጠየቅሽ አታስጨንቂው።"

ጥርስ መሥራት ከውጭ ሲያዩት የፋብሪካ ሥራ ይመስላል። ነገሩ ግን ከወጥ ቤት ሥራ ጋር ይቀራረባል። ሊጥ የመሰለውን መለኪያ አቡክተን በበሽተኛው ላንቃ ላይ እንጭናለን፤ ሲጠነክር አውጥተን ጄሶ እናፈስበታለን። ጄሶው ሲደርቅ የሰውየው ድድ ከነጉድፉ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ሰም አለስልሰን፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በሰሙ ላይ ደርድረን፣ ሰውየውን ጠርተን እንለካለታለን። ሰሙ በመጨረሻ ቀልጦ ይወጣና የድድ መልክ ያለው ፕላስቲክ ይተካዋል፤ እሱም በድስት ውስጥ ይቀቀላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት ነው። ፕላስቲኩ ሲቀቀል እሳቱ ከበዛ ውስጡ አረፋ ይቋጥራል፤ አረፋ የቋጠረ ጥርስ ደግሞ ቆሎ ሲቆረጥሙበት ይሰበራል። ጋሼ እጅጉ ድስቱ አጠገብ ወንበር አምጥተው ይቀመጡ ነበር። "ሽሮ ቢያርር እንጀራው ይሸፍነዋል፤ ይህ ቢያርር ግን ሰውየው አፍ ውስጥ ይገለጣል" ይላሉ።

የጥርሱን መልክ የሚመርጡት ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። በሽተኛውን በክንዱ ይዘው ወደ በሩ ያወጡና በፀሐይ ብርሃን ያዩታል። ሰው ሁሉ ነጭ ጥርስ ይፈልጋል። እሳቸው እሺ አይሉም፤ "በሰባ ዓመት ፊት ላይ የሃያ ዓመት ጥርስ ብተክል ሰረቀው ይሉታል" ብለው ቢጫ የነካካውን ይመርጣሉ። መስታወቱን ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል። ጥርሱ አፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ሰውየው መጀመሪያ አቡነ ዘበሰማያትን ጮክ ብሎ ይደግማል፤ ቀጥሎ ውሃ ይጠጣል፤ ቀጥሎ ይተፋል። መስታወት የሚሰጠው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። መስታወት ቶሎ ያመሰግናል፣ ምላስ ግን እውነቱን ይናገራል ባይ ናቸው።

ሌላም ጥያቄ ነበራቸው። ጥርስ ሊነቅሉም ሊያስገቡም ሲሉ በሽተኛውን "ቀጥሎ ያለው ጾም የትኛው ነው?" ይሉታል። እኔ በልቤ የሃይማኖት ጥንቃቄ ነው እል ነበር። ነገሩ ሌላ እንደሆነ የገባኝ እሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ከቡሬ ዘመኔ አንድ ሰው ሁልጊዜ ያስቀኛል። ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚያርስ፣ ዘሩ ከአዊ የሆነ አንድ አባወራ የላይኛውን ጥርስ በሙሉ ሠራንለት። ሚስቱ በአገውኛ የሆነ ነገር ብላው ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። "ምን አለች?" አልኩት። "በሬዎቹ ያባርሩሃል አለችኝ" አለ። እውነቷን ነበር። ሰውየው በድዱ ሲያፏጭ የኖረ ነው፤ በአዲሱ ጥርስ ፉጨቱ ሌላ ሆነና በሬዎቹ አልታዘዝም አሉ። ተመልሶ ሲመጣ "ሲስተር፣ ጥርሱ አሪፍ ነው፤ ሳርስ ኪሴ ውስጥ አኖረዋለሁ" አለኝ።

ደሳለኝን ያገኘሁትም እዚያው ነው። ታላቅ እኅቱን እታለም ጥሩወርቅን ከገጠር ይዟት መጣ። ያኔ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ጫማው ጭቃ ነው፣ ኪሱ ውስጥ የችግኝ መቁረጫ ቢላዋ አለ። እታለም ጥርሷ ቀድሞ የረገፈ፣ ቁጣዋ ያልረገፈ ሴት ናት። ጄሶው ላይ የተደረደረውን ጥርስ ስታይ ወደ ኋላ አለች።

"ከሬሳ የተነቀለ ነው አይደል? ይነግሩኛል።"

"ከፕላስቲክ ነው፣ እታለም።"

"የማን ፕላስቲክ?"

ደሳለኝ ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ ዝም ብዬ ሰም አለሰለስኩ። ጋሼ እጅጉ ያንን ጥርስ ሙሉ ለሙሉ ለእኔ ለቀቁልኝ፤ ብቻዬን የሠራሁት የመጀመሪያው ነው። እታለም አስገብታው አቡነ ዘበሰማያትን ደገመች፣ ጠጣች፣ ተፋች፤ መስታወቱን ሳትጠብቅ ወንድሟን መስደብ ጀመረች። "በል፣ በደንብ ትሳደባለች፤ ልኩ ተስማምቷል" አሉ ጋሼ እጅጉ። ደሳለኝ "የጥርሱ ልክ እንዴት እንደሆነ ልጠይቅ" እያለ እየተመላለሰ እኔን አገባ።

ከዚያ በኋላ እሱ ቆጋ መስኖ ተመድቦ ከስንዴና ከሽንኩርት አምራቾች ጋር ቆየ። እኔም ወደ ፍኖተ ሰላም ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ተዛወርኩ። ሲመላለስ አንድ ጊዜ ተያይዘን ወደ ቡሬ ስንሄድ የተሳፈርንበት ባጃጅ ተገለበጠ። እሱ ክንዱን ተጎዳ፤ የእኔ ሁለቱ የፊት የላይ ጥርሶች ወለቁ። ቁስሉ ሲድን ለራሴ ተነቃይ ጥርስ ሠራሁ። በሥራዬ ልመጻደቅ ካልኩ ቆንጆ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት እንኳ ይረሱት ነበር። ግን ተነቃይ ተነቃይ ነው፤ ላንቃ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ነው። እንጀራ ያኝካል፤ መንከስ አይችልም።

ይህን ሰው በደንብ የሚያውቀው እሸት ሲደርስ ነው። የእኛ አገር በመስከረም በቆሎ እሸት ነው፤ መንገዱ ዳር ሁሉ ከሰል ተቀጣጥሎ ይጠበሳል። በፊት ጥርስ ካልነከሱት እሸት አይበላም። ደሳለኝ የተጠበሰውን ይይዝና በአውራ ጣቱ ረድፍ በረድፍ እየፈለፈለ መዳፌ ላይ ያኖርልኛል። አንድም ቀን ራሱ ቀድሞ አልነከሰም። ጣቱ ይጠቁራል፣ እኔ እበላለሁ። ትዳራችን ምን እንደነበረ የሚጠይቀኝ ቢኖር ይህንን እነግረዋለሁ።

ጡረታዬ ሲቃረብ ዶክተር ሰብለ ወደ ክሊኒካችን መጣች። ወጣት ናት፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ የሚተከል ጥርስ ተምራ መጥታለች። ነገሩ እንዲህ ነው። መንጋጋው አጥንት ይበሳና ከታይታኒየም የተሠራ ትንሽ ብሎን ይገባበታል። ከዚያ ለወራት ይተዋል፤ አጥንቱ በብሎኑ ዙሪያ እያደገ ይይዘዋል። ከያዘው በኋላ በላዩ ጥርሱ ይታሰራል። አይወልቅም፤ ማታ ብርጭቆ ውስጥ አይቀመጥም፤ ይነክሳል። መጀመሪያ ስትነግረኝ ፊቴን አጠቆርኩ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አጥንት ሳልነካ ሰው አበላሁ፤ አሁን ደግሞ የአናጢ መሰርሰሪያ ይዘው መጡ አልኩ። ልጅቱ አልተቀየመችኝም። "ሲስተር እንጉዳይ፣ መጀመሪያ አጠገቤ ቁመው ይዩ" አለችኝ። ቆሜ አየሁ። እጇ የዋዛ አልነበረም። አጥንቱ እንዳይግል ውሃ እያፈሰሰች፣ ትንሽ እየበሳች፣ እየቆመች፣ ደግማ እየበሳች ነው የምትሄደው። ጋሼ እጅጉ ድስቱ አጠገብ እንደሚቀመጡት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ አፌን ዘጋሁ።

ሁሉም ግን አልያዘም። መርጌታ ጥበቡ ከጅጋ ወዲያ ካለ ደብር የመጡ የዜማ መምህር ነበሩ። በቅሎ ረግጣቸው የፊት ጥርሳቸው ወልቋል። ተነቃይ ላሳያቸው ስል እጃቸውን አወራጩ። "ልጄ፣ በማኅሌት መካከል ድምፄን ከፍ ሳደርግ ጥርሴ ዘሎ ቢወድቅ ደብሩ ምን ይላል? የማይወልቅ አለ ተብዬ ነው የመጣሁ።" ዶክተር ሰብለ መረመረቻቸው፤ አጥንታቸው ጥሩ ነበር። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ብሎኑን ተከለችላቸው። "ሦስት ወር ለስላሳ ምግብ ብቻ" አለች። እኔም ደገምኩላቸው። እሳቸውም "እሺ፣ እሺ" ብለው መርቀውን ሄዱ።

በነሐሴ መጨረሻ ተመልሰው መጡ። ጉንጫቸው አብጧል። ዶክተር ሰብለ ብሎኑን በጣቷ ጫፍ ስትነካው ተነቃነቀ። በመሣሪያ እንኳ ሳትይዘው ወጣ።

"መርጌታ፣ ምን በሉ?" አለቻቸው።

"ሰው የበላውን።"

"ለስላሳ ብቻ ብለን አልነበር?"

"ልጄ፣ ፍልሰታ እኮ ነበር። ተማሪዎቼ የተዘፈዘፈ ሽምብራ በጥሬው እየቆረጠሙ እኔ መምህራቸው ገንፎ ልዋጥ? እዚያ ቁጭ ብዬ? ዐይናቸው እያየኝ?"

 በእኛ አገር ፍልሰታን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ጥሬና ቆሎ እየቆረጠመ ይጾማል፤ መምህር ደግሞ ከተማሪው አንሶ አይታይም። ይህን ከእኛ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ቀን ስንቆርጥላቸው ግን አንዳችንም አላነሳነውም። ያን ጊዜ የጋሼ እጅጉ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፦ ቀጥሎ ያለው ጾም የትኛው ነው? ለዶክተር ሰብለ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ "ቀጥሎ ያለው ጾም የትኛው ነው? በጥሬ ነው በሽሮ የሚጾሙት?" ሳትል መርፌ አታነሳም። ለመርጌታ ግን ዘገየ። አጥንታቸው ስለተጎዳ እንደገና ለመሞከር ብዙ ጊዜ ያስፈልግ ነበር፤ እሳቸውም አልተመለሱም። የመሪነቱን ቦታ ለሌላ ለቅቀው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከኋላ ሆነው በዝግታ ያዜማሉ ሲሉ ሰማሁ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያመመኝ ነገር የለም። ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ከኋላ የሚቆም ድምፅ አልነበረም።

በዚህ ሁሉ መካከል ጡረታ ወጣሁ። ደሳለኝም ቀድሞኝ ወጥቶ ጓሮውን በችግኝ ሞልቶታል። አንድ ቀን አቮካዶ እያዳቀለ፣ ያዳቀለውን በፕላስቲክ እየጠመጠመ፣ ቀና ሳይል ጀመረኝ።

"ለሰው ስትሠሪ ኖረሽ አንቺ በተነቃይ ልትቀሪ ነው?"

"አርጅቻለሁ።"

"ባረጀ ግንድ ላይም ይዳቀላል።"

"ካልያዘስ? መርጌታን አላየህም?"

"ካልያዘ አልያዘም። ብቻ ያዘ ወይ እያልሽ አትነቅንቂው። ገበሬዎቼ ችግኝ የሚገድሉት በጥማት መሰለሽ? ያዘ ወይ እያሉ በመጎተት ነው።" ከዚያ ቀና አለ። "ለከርሞ እሸት ራስሽ ትነክሻለሽ። የእኔ ጣት ደክሟል።"

ጣቱ አልደከመም፤ እንዲህ ካላለ እሺ እንደማልለው ስለሚያውቅ ነው።

በኅዳር ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ከጎኑ የቆምኩበት ወንበር ነው፤ ተቀምጬበት ግን አላውቅም። አፌን ከፍቼ ሳለሁ ጋሼ እጅጉ ዝም ማለትን ለምን እንዳስቀደሙ ገባኝ። ዶክተር ሰብለ ምንም አልጠየቀችኝም። መጨረሻ ላይ ብሎኖቹን በመፍቻ ስታጠብቅ "ጠቅ፣ ጠቅ" የሚል ድምፅ በራስ ቅሌ ውስጥ ተሰማኝ። ተነቃዬን ቁስሉን እንዳይጫን ከውስጥ በኩል ራሴ ሞርጄ አስገባሁት። አልነካሁትም፤ አልነቀነቅሁትም። ደሳለኝ ጠዋት ጠዋት "ያዘ?" ይለኝና ራሱ መልሶ "አትንኪው!" ይለኛል።

የካቲት መጀመሪያ ላይ ችግኞቹን ውሃ ሊያጠጣ ወጣ። ደረቱን ይዞ ግንቡ ሥር ተቀመጠ። ጎረቤት ጠርቼ ስመለስ አልፏል።

ከዚህ በላይ ስለዚያ ጠዋት አልጽፍም።

ቀብሩ ላይ የሆነውን ግን እጽፋለሁ፤ ሰው የሚያወራው እሱን ነውና። አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርስ ጮህኩ። ጸጉሬን ተላጭቼ፣ ከል ለብሼ፣ ደረቴን እየመታሁ ስሙን ጠራሁ፤ በሁለተኛው ጥሪ ላይ ተነቃዬ ከአፌ ዘሎ መሬት ላይ ወደቀ። ልኩ ትክክል ነበር። ለንግግር፣ ለፈገግታ፣ ለጸሎት በሚገባ የተሠራ ነው። ለዋይታ የሚሆን ተነቃይ ግን ማንም ሠርቶ አያውቅም።  አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ ስታፍን አየኋት። አልፈርድባትም፤ ይህ በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እኔንም ያስቀኝ ይሆናል። እታለም ጥሩወርቅ ከፊት ነበረች። ጥርሱን በእግሯ ሸፈነችው። ከዚያ የምታለቅስ መስላ ጎንበስ አለችና አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ቤት ስንገባ አጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። 

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዝግ አፍ አለቀስኩ። ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ። ተዝካሩም እንዲሁ አለፈ። ሰው "እንዴት ያለች ጨዋ ናት፣ ድምጿ እንኳ አይሰማም" እያለ አመሰገነኝ። ጨዋነት አልነበረም። ባሌን ጮኼ ልጠራው ፈልጌ ጥርሴን ይዤ ነበር።

በግንቦት ዶክተር ሰብለ ፎቶ አንስታ አየች። ብሎኖቹ ይዘዋል። "ሲስተር፣ ጥርሱን ማዘዝ እንችላለን። ሐዘን ላይ ስለሆኑ ጥቂት ወራት እናቆየው ቢሉም ጉዳት የለውም" አለችኝ። እውነቱን ነው የነገረችኝ፤ ሊቆይ ይችል ነበር። ሐኪም አስገደደኝ ብዬ የማመካኘው ነገር የለኝም። "አይቆይም" አልኳት።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገጠር ገባ። እታለም በማግስቱ ከቡሬ ገጠር መጣች። ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ይቀመጡ ብላት አልተቀመጠችም።

"ሰማሁ" አለች።

"ምን ሰሙ፣ እታለም?"

"ጥርስ ልታስገቢ ነው አሉ። ጸጉርሽ እንኳ ሳያድግ።"

"ጸጉሬ በራሱ ጊዜ ያድጋል።"

"ለሙት ዓመቱ አድርጊው። ከልሽን ስትጥዪ ያኔ ትገልጪዋለሽ። አሁን ለማን ልትስቂ ነው? ወንድሜ እንደሆነ አያይሽም።"

እኔ በሠራሁላት ጥርስ ነው የነከሰችኝ። ያ የመጀመሪያ ሥራዬ እንዴት በደንብ እንደሚነክስ ያን ቀን አወቅሁ።

"ለሳቅ መሰለዎ?" አልኳት። "ለለቅሶ ነው።"

"የለቅሶ ጥርስ! ይህን ደግሞ ማን ሰምቶ ያውቃል?"

"አንቱ አይደሉ ከመሬት ያነሱልኝ? ሌላው ባያየው አንቱ አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ድምፄን ሰምተውታል? መንፈቁ እየመጣ ነው። ወንድምዎን አፌን ይዤ እንድጠራው ነው የሚፈልጉ?"

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ያዘች። ከዚያ "ሰው ምን ይላል?" አለች፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

"ያሻውን ይበል። ከሚያሙኝ ውስጥ የስንቱን አፍ ያበጀሁት እኔ ነኝ። አጥርተው ይሙኝ፤ ሥራዬ ይመሰክርልኛል።"

"እንዲህ ከሆነ ደጅሽን አልረግጥም" ብላ ወጣች።

ቀላል ነገር አልነበረም። እኔና ደሳለኝ ልጅ የለንም፤ ከእሱ ወገን የምትጠይቀኝ እታለም ብቻ ነበረች። የነፍስ አባቴን አማከርኳቸው። "ሐዘን በልብ ነው ልጄ፤ ብቻ እታለምን አታስቀይሚ" አሉኝ። ሁለቱን ባንድ ላይ ማድረግ አልቻልኩም። ሄጄ ለጥርሱ ልክ ሰጠሁ።

ጥርሱ የሚሠራው ባሕር ዳር ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ቆይቶ በሐምሌ በአንድ መንገደኛ ቦርሳ መጣ። መልኩን ስንመርጥ ወደ በሩ ወጥቼ ነው ያየሁት፤ ነጩን አልወሰድኩም። የግራው ጥርስ በቀኙ ላይ ትንሽ እንዲደረብ አዝዤ ነበር። ድሮም እንዲያ ነበር፤ ደሳለኝ ያገባው ያንን ጥርስ ነው። ዶክተር ሰብለ አስራ ስትጨርስ መስታወት ዘረጋችልኝ። መለስኩት። አቡነ ዘበሰማያትን ደገምኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ተፋሁ። ቀጥሎ የደሳለኝን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ። ደንገጥ አለች፤ ከውጭ የተቀመጡትም በር ከፍተው አዩ። ምንም አልወደቀም። መስታወቱን ያኔ ተቀበልኳት።

መንፈቁ በፍልሰታ ውስጥ ዋለ። ድግስ አልነበረም፤ ጸሎት ብቻ። ጎረቤቶቼ ጥሬ ሲቆረጥሙ እኔ ሽሮዬን በላሁ፤ ያዩኝ አዩኝ። ለመርጌታ ያልነገርናቸውን እኔ ለራሴ ነግሬያለሁ። መቃብሩ ላይ ስንደርስ እታለም በወዲያኛው በኩል፣ ከገጠር ዘመዶቿ ጋር፣ ፊቷን አዙራ ቆማለች። እጄን ከአፌ ላይ አነሳሁ። ነጠላዬንም ወደ ትከሻዬ መለስኩ። ስድስት ወር የያዝኩትን ሁሉ አወጣሁት። ቆጋን፣ ባጃጁን፣ ግንቡን፣ ጣቱን እያነሳሁ አለቀስኩ። እሱን በሙሉ አፌ ጠራሁት። ከወዲያ በኩል አንድ ድምፅ ተቀበለኝ፤ ሳልዞር የማን እንደሆነ አወቅሁ። ስትወጣ ግን አላናገረችኝም።

መስከረም ጠባ። እንድነክስ ተፈቅዶልኛል፤ ግን እሸት አልገዛሁም። በመንገዱ ሳልፍ የጥብሱ ሽታ ሲመጣብኝ እግሬን አፈጥናለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የውጭው በር ተንኳኳ። ስከፍት እታለም ናት። ማዳበሪያ ሙሉ በቆሎ በትከሻዋ ተሸክማለች።

"ደጅሽን አልረግጥም ብለው አልነበር?" አልኳት።

"አልረገጥኩም፤ ወደ ውስጥ አልገባም" አለችና ማዳበሪያውን ደጃፉ ላይ፣ መንገዱ አፋፍ ላይ ዘረገፈችው። "ከሰል አምጪ።"

አመጣሁ። እዚያው ከውጭ ተቀመጥን፤ እኔ በከሌ፣ እሷ በከሏ። መንገደኛው እርምጃውን እያዘገየ ያየናል። የመጀመሪያው ሲጠበስ አመዱን አራገፈችና ዘረጋችልኝ።

"በይ ንከሺ። የለቅሶ ያልሽው ጥርስ ለእሸት ይሆን እንደሆነ እንየው።"

ነከስኩ። ፍሬው ሲፈነዳ ጣፋጩ ምላሴ ላይ ፈሰሰ። ከባጃጁ ወዲህ እሸት በራሴ ጥርስ ነክሼ አላውቅም። አፌ እንደሞላ እንባዬ መጣ፤ አላበስኩትም። እታለም የራሷን እሸት ይዛ ታገላብጠዋለች። ተነቃይ እንደማይነክስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከእጇ ወሰድኩት። በአውራ ጣቴ ከጫፉ ጀምሬ፣ ረድፍ በረድፍ፣ እየፈለፈልኩ መዳፏ ላይ አኖርኩላት።

ጣቴን ብዙ አየች።

"እሱ እንዲህ ነበር" አለች። "ልጅ ሆኖ ለእናታችን ነበር የሚፈለፍል። እኔንማ መቼ አየኝ! አንቺ ከሠራሽልኝ ወዲያ፣ ጥርስ አላት ብሎ አለፈኝ።"

"ተነቃይ አይነክስም ብዬ እኮ ነግሬው ነበር።"

"ነግረሽው ላንቺ ብቻ ሰማ!"

ሳቅ አመለጠኝ። እሷም አፏን ይዛ ሳቀች። ከማዶ በኩል ሁለት ሴቶች ቆመው ነበር።

"እታለም፣ ሰው ያየናል" አልኳት።

እታለም እጇን ከአፏ ላይ አወረደች። ፍሬውን አኝካ ዋጠች። "ይየን" አለችና ሌላ እሸት ከሰሉ ላይ ጣለች።